ወደ ወንድሜ ጣፊያ የገባው መድኃኒት

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ አስተምራለሁ። ከማስተምራቸው ምዕራፎች አንዱ በጣም ደቃቅ ተደርገው የሚሠሩ መድኃኒቶች እንዴት ወደ ሴል እንደሚገቡ የሚያስረዳው ነው። ናኖ ፓርቲክል ይባላሉ። በዓይን አይታዩም፤ በእኛ ቤተ ሙከራ ባለው ማይክሮስኮፕም አይታዩም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ እስላቸዋለሁ። ትልቁ ክብ ሴሉ ነው፤ ነጥቧ መድኃኒቱ ናት። ነጥቧ ስትጠጋ ክቡ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል፣ ዙሪያዋን ይይዛታል፣ ከዚያ ይዘጋና ይውጣታል። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሱታል። ለዓመታት እንዲህ ሳስተምር ከእነዚያ መድኃኒቶች አንዱንም በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። የያዝኩት ወንድሜ ሲታመም ነው።

ወንድሜ ታናሼ ነበር። እኔን ትምህርት ከተማ ሲያስገባኝ እሱ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ባለው የአባታችን መሬት ላይ ቀረ። ዝምተኛ ነበር። ነገር ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ አገጩን በመዳፉ ያሻል። ለገበያ ከተማ ሲመጣ ድንች ይዞልኝ ይመጣና ጭቃ የነካ ኮንጎ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ ግባ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጥ ብለው አይሰማኝም። "እዚሁ ይሻለኛል፣ እታለም" ይላል። እታለም ነበር የሚለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

እናታችን ካረፈች በኋላ ከታላላቅ ወንድሞቻችን ጋር ተካፍሎ የደረሰው መሬት ጠባብ ነበር። ሚስት አገባ፣ ልጆች መጡ። እንደ ሰፈሩ ጎልማሶች ሁሉ እሱም ወደ መተማ ቆላ መውረድ ጀመረ፤ በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ ከመስቀል በኋላ ለአጨዳ። ሲመለስ ከስቶና ጠቁሮ ይመጣል፣ ጥቂት ሰንብቶ ያገግማል፣ ከርሞ ደግሞ ይወርዳል። ቆላ መውረድ በእኛ አገር የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ማን ወረደ፣ ማን ተመለሰ ተብሎ በየዓመቱ የሚወራ ተራ ወሬ ነው።

አንድ ዓመት ከአጨዳ ሲመለስ ትኩሳት ይዞት መጣ። ጤና ጣቢያው ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው፤ ተሻለው፣ መልሶ ያዘው። ጠበል ገባ፤ ተሻለው፣ መልሶ ያዘው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። የነገረችኝ በመጨረሻ ሚስቱ ናት፣ በስልክ።

"እትዬ፣ ሆዱ እያበጠ ነው" አለች። "ሌላው አካሉ ግን አልቋል። ልብሱ ላዩ ላይ አልቆም አለ።"

"ነገውኑ ይዘሽው ነይ" አልኳት።

መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ከሚኒባሱ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው፤ እሱን ከጎኗ ቆሞ እያለ አላወቅሁትም። ጋቢው ሥር ትከሻው ወጥቶ ይታያል። ባጃጅ ይዘን ቤት ስንገባ በዚያን ቀን ብቻ ሳይግደረደር ሶፋው ላይ ተኛ። ሸሚዙን ገልጬ በግራ ጎድኑ ሥር እጄን አስቀመጥኩ። እስከ እምብርቱ ድረስ ጠንካራ ነገር ነበር፤ ዳርቻውን በጣቴ መከተል እችል ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ጣፊያህ ነው።"

"በግ ስናርድ የምናገኛት ጣፊያ?"

"አዎ፣ እሷው።"

አገጩን አሸ። "እሷማ ትንሽ ናት" አለ።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ሆዱን ከነካች በኋላ የጠየቀችው ስለ ሕመሙ አልነበረም።

"ቆላ ስትወርድ የት ነው የምትተኛው?"

"ግራር ሥር። ዳሱ ውስጥ ሙቀቱ አያስተኛም።"

"ዝንብ አለ?"

"ዝንብስ የት የለም? ትንሽ ናት፣ ድምፅ የላትም። ስትነክስ ነው የምታውቃት።"

ከጣቱ ጠብ ካለች ደም መረመሩት። ካላዛር ነበር። ያቺ ድምፅ የሌላት ዝንብ ስትነክስ የምታስገባው ተሐዋሲ ነው፤ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት መቅኔ ገብቶ ይራባል። ሐኪሟ ግን በዚያ አላቆመችም። ካላዛር ያለበት ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪም ይመረመራል አለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ወንድሜ ውጪ ቁጭ በይ አላለኝም። ውጤቱን ስትነግረው ዓይኑን ከጠረጴዛዋ አላነሳም። "እሺ" ብቻ ነው ያለው።

ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ሚስቱ ራቅ ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ የእሱን ጋቢ ታቅፋ ተቀምጣለች።

"ለእሷ አትንገሪያት" አለኝ።

"እኔ አልነግራትም። አንተ ነህ የምትነግራት። እሷም መመርመር አለባት፣ ልጆቹም።"

ከዚያ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። የተባባሉትን አልሰማሁም። እሷ ጋቢውን ከጭኗ አንስታ ትከሻው ላይ ስትጥልለት ነው ያየሁት። በማግሥቱ ተመረመረች፤ እሷም አለባት። ልጆቹ ነፃ ነበሩ። "እነሱ ከተረፉ" አለችኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ለእሱ የሚሆነው መድኃኒት እኛ ጋ አልነበረም። በሰሜን በኩል ካላዛር የሚታከምበት ማዕከል መሄድ ነበረብን። መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ይዘጋል። ዛሬ መኪና ወጥቷል ሲሉን ተነሥተን፣ መናኸሪያ ስንደርስ ተመለሱ ተብለን ቤት የገባንባቸው ቀናት ነበሩ። በዚህ መሃል አፍንጫው መድማት ጀመረ። በመጨረሻ ፈቃድ ወስጄ ከእሱ ጋር ሄድኩ፤ ሚስቱ ወደ ልጆቹ ተመለሰች።

የገባንበት ክፍል ውስጥ የተኙት ሁሉም ወንዶች ናቸው። አብዛኞቹ እንደ እሱ የደጋ ሰዎች ነበሩ፤ ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከወሎ። እጅና እግራቸው የቀጠነ፣ ሆዳቸው የተነፋ። ሁሉም ሰሊጥ ያጨዱ። እርስ በርስ የእርሻ ባለቤቶችን እየጠቀሱ ማን ጥሩ እንጀራ ያበላል፣ ማን ውሃ ይከለክላል ይባባላሉ። ወንድሜ ከመጣን ጀምሮ መጀመሪያ የሳቀው እነሱን ሲሰማ ነው።

መድኃኒቱን ልትሰጠው የመጣችውን ነርስ የፋርማሲ መምህር መሆኔን ነግሬ ብልቃጡን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ሰጠችኝ። ትንሽ ብልቃጥ፣ ውስጧ ቢጫ ዱቄት። ያ ነበር፤ በየዓመቱ ነጥብ አድርጌ የምስለው። ውሃ ጨመረችበትና በኃይል ናጠችው። ቢጫና ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ሆነ። በማጣሪያ አሳልፋ ግሉኮስ ውስጥ ጨመረችው። ከጨው ውሃ ጋር እንደማይገናኝ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ፤ እሷ ከእኔ ሳትሰማ በልማድ ታደርገው ነበር። እጆቼ ሥራ ፈትተው አጠገቧ ቆምኩ።

ጠብታው ሲጀምር ወንድሜ ብርድ ብርድ አለው። ብርድ ልብስ ደረብንለት። መንቀጥቀጡ ሲተወው ቱቦውን እያየ፦

"ይሄ ነገር ጣፊያን እንዴት ያውቃታል?" አለኝ። "በክንዴ ነው የገባው። ጣፊያ ያለችው እታች።"

"አያውቃትም" አልኩት። "መድኃኒቱ በስብ ተጠቅልሏል። እያንዳንዷ የስብ ጠብታ በጣም ከማነሷ የተነሳ አትታይም። ደምህ ውስጥ ስትገባ ሰውነትህ ባዕድ ነገር ናት ይላታል። ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች አሉህ፤ ሥራቸው መዋጥ ነው። የሚበዙት ደግሞ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ነው። እነሱ ይውጧታል፣ መድኃኒቱም አብሮ ይገባል።"

"በሽታውስ የት ነው ያለው?"

"እነዚያው ሴሎች ውስጥ። እሱንም ዝንቧ ስታስገባው ዋጡት። ግን አልገደሉትም። ውስጣቸው ገብቶ መራባት ጀመረ።"

አገጩን አሸ። "እንግዲህ ያው አንድ አፍ ነው ሁለቱንም የሚውጠው።"

"አዎ።"

"በሽታውን ለምን አልገደሉትም?"

ይህን እንደሚጠይቀኝ ማወቅ ነበረብኝ። የሚውጠው ሴል ብቻውን አይገድልም፤ ግደል የሚል ትእዛዝ ከሌሎች ሴሎች ይመጣለታል። ኤች አይ ቪ የሚጨርሰው እነዚያን ትእዛዝ የሚሰጡትን ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ተሐዋሲ ይጨርሳል፤ የቀረውን መልቀምና መጠበቅ የሰውነት ድርሻ ነው። የወንድሜ ሰውነት ደግሞ ያን ድርሻውን የሚወጣበት አቅም አልነበረውም።

"አሁን መድኃኒቱ ይገድለዋል" አልኩት። ይህ ውሸት አልነበረም።

መድኃኒቱ አንድ ቀን እየታለፈ ተሰጠው፤ ከእሱ ጋር የሚዋጥ እንክብል ነበር፤ ያስታውከዋል። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ ምግብ ጠየቀ። ሽሮ ሲመጣለት ጨርሶ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገ። ጣፊያው በየቀኑ ስትሸሽ በጣቴ እከታተላት ነበር፤ እሱም ከእኔ ተምሮ ራሱ ይለካት ጀመር። "ዛሬ ደግሞ ወደ ላይ ገብታለች" ይለኛል ጠዋት ስገባ። እነዚያ ቀናት ደስ ያሉኝ ቀናት ነበሩ። ያስተማርኩት ነገር እጄ ሥር እውነት ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመውጣታችን በፊት በቀጭን መርፌ ከጣፊያው ናሙና ወሰዱ። አደገኛ ነው፤ ሊደማ ስለሚችል ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ተኛ። ናሙናውን መስታወት ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ምንም ተሐዋሲ አልታየም። ነፃ ነህ አሉት። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም ጀምሮ ወደ አገሩ ገባ። በዚያ ክረምት ከግብርናው አልቀረም። ቆላ አልወረደም። ድንች ይዞልኝ ሲመጣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ሶፋው ላይ ውጣ አላልኩትም።

ያን ዓመት ምዕራፉን ሳስተምር ከልማዴ ውጪ ብዙ ተናገርኩ። እነዚህን ደቃቅ መድኃኒቶች የሚሠሩ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ዋጭ ሴሎች ናቸው አልኳቸው። መድኃኒቱን ለካንሰር ብለው ቢልኩት ጉበትና ጣፊያ መንገድ ላይ ይውጡባቸዋል። ለካላዛር ግን እንዲዋጥ ነው የሚፈለገው። አንዲት ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ስለዚህ ይድናሉ ማለት ነው፣ መምህር?"

"ብዙዎቹ ይድናሉ" አልኳት።

ጻፈችው።

ትኩሳቱ የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በዚህ ጊዜ ሚስቱ አልዘገየችም፤ በደወለች ጊዜ ገና ሆዱ አላበጠም ነበር። ግን መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። ስልክም ይጠፋ ነበር። እኔ በደብረ ማርቆስ፣ መድኃኒቱ በሰሜን፣ እሱ በመሃል፣ ቤቱ ተኝቶ። በማውቃቸው ሰዎች በኩል መድኃኒቱን ራሱን ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። አይቻልም አሉኝ፤ ያለ ማዕከሉ አይወጣም፣ ቢወጣም ሙቀት ያበላሸዋል፣ የሚሰጠውም የሠለጠነ ሰው ነው። ልክ ናቸው። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ጣፊያው ካለፈው ጊዜ በልጣ ወደ ታች ወርዳ ነበር።

እዚያው ማዕከል፣ እዚያው ክፍል። ከበፊቶቹ ሰዎች አንድ ሁለቱን አገኘናቸው፤ እነሱም ተመላሾች ናቸው። ቀልዱ ቀንሷል። ያንኑ ቢጫ መድኃኒት ሰጡት፣ እንክብሉንም ጨመሩ። ትኩሳቱ ወረደ። ጣፊያዋ ግን በጣቴ ስከተላት ጥቂት ፈቀቅ ብላ ቆመች። መርፌው ሲገባ መስታወቱ ላይ ተሐዋሲዎቹ ታዩ። ደግመው ሰጡት። ደግሞም ታዩ።

የክፍሉ ሐኪም ሽበታም ሰው ነበሩ። ፋርማሲ እንደማስተምር ያውቃሉ። ቢሯቸው ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

"መድኃኒቱ እየገባ አይደለም ወይ?" አልኳቸው። ምናልባት ተሐዋሲው ተለማምዶት ይሆናል፣ ምናልባት መጠኑ ቢጨመር፣ እያልኩ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ይገባል" አሉ። "እንደ በፊቱ ይገባል፣ ያገኘውንም ይገድላል። ችግሩ መግባቱ ላይ አይደለም። ከገባ በኋላ የሚያግዘው የለም። የወንድምሽን የመከላከያ ሴሎች ቁጥር አይተሽዋል።"

"ታዲያ?"

"ብንሰጠው ለጥቂት ጊዜ ያሽለዋል። ይመለሳል። ደግመን እንሰጣለን፤ ኩላሊቱ እስከቻለ። ከዚህ የተሻለ ነገር ቢኖረኝ እደብቅሽ ነበር?"

ከቢሮው ስወጣ ወንድሜ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር።

"ምን አሉሽ?"

የሚነገረውን መርጬ ልነግረው አሰብኩ። ፊቴን አይቶ ግን ጥያቄውን ራሱ ተወው።

"ቤቴ ልግባ፣ እታለም" አለ። "መኸሩ ደርሷል። ባልሠራም ልየው።"

ሐኪሙ አልተቃወሙም። ሕክምናውን አቋርጠን አልነበረም የወጣነው፤ የተባለውን ጨርሰን ነው። የቀረ ነገር አለመኖሩን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሆኖም እንደ ተሻለው ሰው መውጫ ወረቀት ተሰጠን፣ ነርሶቹም እግዜር ይማርህ ብለው ሸኙን።

ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ከደጁ ፀሐይ ላይ ቆዳ ተነጥፎለት ይተኛል። ፊት ለፊቱ ስንዴው ይታጨዳል፤ ጎረቤቶች ተሰባስበው ያጭዱለታል። ሚስቱ የሁለቱንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ታወጣለች፣ አንዱን ለእሱ ትሰጠዋለች፣ አንዱን እሷ ትውጣለች። ያመጣሁትን መድኃኒት ሁሉ ያለ ጥያቄ ይወስዳል። አንድ ቀን ግን፦

"ያ ቢጫው አሁን አለ ውስጤ?" አለኝ።

"ትንሽ ይኖራል። ጣፊያ ውስጥ ይቆያል።"

"ምን ይሠራል?"

"ይጠብቃል" አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴ አፈርኩበት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ጋቢውን ወደ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፈነ። ፀሐይዋ ዞራ ጥላ እስኪያገኘው ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ የማውቀውን ያህል ስለ ምንም ነገር አላውቅም፤ ያ እውቀቴ ግን ከዚያች ቆዳ ላይ አላነሳውም።

ያረፈው የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ሳርም ነው። ማክሰኞ ዕለት ረፋድ ላይ ደውለው መድከሙን ነገሩኝ፤ በዚያ ቃል ማለት የሚፈልጉትን አውቃለሁ። ስደርስ ገንዘውት ነበር። ሆዱ ከነጠላው ሥር ከፍ ብሎ ይታያል። ለቀስተኛው ጉበት ነው፣ የውስጥ ደዌ ነው፣ የሰው ዓይን ነው ይባባላል። የሚያርም አልነበረም፣ እኔም አላረምኩም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከእናታችን አጠገብ ቀበርነው።

አርባው ወጥቶ ሰው ሲበተን ከሚስቱ ጋር ደጁ ላይ ተቀመጥን። መሬቱን አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላት ለጎረቤት ሰጥታለች፤ ልጆቹ እስኪደርሱ ሌላ ማን ያርስላታል። ሰውነቷ ደህና ነበር፤ መድኃኒቷን አታቋርጥም። ስለ ልጆቹ ትምህርት ተነጋገርን። ከዚያ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፦

"እትዬ፣ ወንድሜ ሰሊጥ ሊወርድ ነው" አለችኝ። "ታናሼ። ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተነጋግሯል።"

"ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ። ስለ ዝንቧ ነግሬዋለሁ፣ ግራር ሥር አትተኛ ብዬዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"'ታዲያ የት ልተኛ?' አለኝ።"

አጎበር እገዛለታለሁ አልኳት። አመሰገነችኝ። አጎበር ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀያየረ የሚተኛ ሰው የት ላይ እንደሚሰቅለው ሁለታችንም አልተናገርንም። ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጥቶ ነበር። ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ልነሳ ስል እሷም ተነሥታ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ወንድሟ በሳምንቱ ወረደ።